የከበሮው ጋሪ ገፊ

የባሕር ጠባቂ አምላካችን የማዙን ሐውልት አጅበን ወደ መቅደሷ ስንጓዝ በየዓመቱ የከበሮውን ጋሪ የምትገፋው ሴት የማን ናት? እኔ አላውቅም፤ የከበሮ ቡድናችን ሰዎችም አያውቁም። የወንድ ጫማ ታደርጋለች፤ ስለሚሰፋት ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፋበታለች። ሰው ሲያርፍ እሷ ተንበርክካ የጋሪውን ጎማዎች ታሽከረክራለች፤ ጆሮዋን አስጠግታም ታዳምጣለች። ጋሪውን ማን እንደ ሠራው ስንጠይቃት «እግሩ ትልቅ የነበረ ሰው» ትለናለች።

ዘንድሮ አለቃችን ጂንሹይ አዲስ የአሉሚኒየም ጋሪ ገዝቶ መጣ። ከበሮው መንገድ ላይ ከወደቀ ማዙ መቅደሷ ያለ ከበሮ ልትገባ ነው፤ ለመንደራችን ከዚህ የባሰ ውርደት የለም።

«አክስቴ፣ ጋሪሽ እኮ አርጅቷል» አላት።

«አንተስ አርጅተህ የለም? ማን ጣለህ?»

ሳቅን። እሷ የእንጨት ጋሪዋ ላይ ወጥታ ደጋግማ ዘለለች፤ ጋሪው ንቅንቅ አላለም። አዲሱ ላይ ስትወጣ ግን አንዱ ጎማ ወዲያው ተጣመመ።

«ይሄ ጎመን ይጫንበት» አለች።

ከበሮው በእሷ ጋሪ ላይ ሆኖ እየተመታ ድልድዩንና ኮረኮንቹን አልፎ መቅደሱ ደረሰ። አረፍ እንድትል ምንጣፍ ብናነጥፍላት «መጀመሪያ ከበሮው ይውረድ» አለች። አወረድነው። ያኔ ባዶው ጋሪ ላይ ኩርምት ብላ ተጋደመች፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።