አባቴ በራዲዮ «የፈቀደ» ሰሞን

በደርግ ዘመን ሰቆጣ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የስፌት መኪናዬ የቆመችው ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። እሳቸው ከውስጥ ጨው፣ ሳሙናና አቡጀዲ ይሸጣሉ፤ እኔ ከደጅ የተቀደደ ሱሪ እጠቅማለሁ። አንድ እግሬ ከሌላው ያጥራል። ለብሔራዊ ውትድርና ያልተፈለግሁት በዚሁ ምክንያት ስለሆነ አጭሯን እግሬን በክፉ አላነሳትም።

ሐጂ ትልቅ ራዲዮ ነበራቸው። በገበያ ቀን ከፃግብጂም ከሰሃላም የመጣው ገበሬ ዕቃውን ሸጦ ሲያበቃ ዜና ለመስማት በረንዳው ሥር ይሰበሰባል። አማርኛው ለመግዛትና ለመሸጥ ይበቃዋል፤ ለራዲዮው ቋንቋ ግን አይበቃም። ስለዚህ ሱቁ የራሱ ደንብ ነበረው። ዜናው ሲያልቅ አማርኛ አጣርቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ይነሳና የተባለውን በእኛ በአገዎቹ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ይናገራል። የሚናገረው ቆሞ ነው፤ ጨርሶ እስኪቀመጥም ማንም አያቋርጠውም። ሊጠይቅም ሊቆጣም የፈለገ፣ ሲቀመጥ ይደርስበታል። ደንቡን ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ ሐጂ ግን እንደ ሱቃቸው ቁልፍ ይጠብቁት ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩ ስለሆንኩ ተናጋሪው እኔ ነበርኩ።

ያ ራዲዮ ያናደደኝን ያህል ሰው አናዶኝ አያውቅም። ስለ ብሔረሰቦች እኩልነት ሲያወራ ምላሱ አይደክመውም፤ የበዓል ሰሞን የዚህኛውንም የዚያኛውንም ስም ይጠራል፣ የኛን ግን ይዘላል። ተነስቼ ስናገር አንዱ ሽማግሌ «እኛስ የት አለን?» ይሉኛል። «‹ሌሎችም› በሚለው ውስጥ ነን አባባ» እላለሁ፤ ሰው ይስቃል። ስማችን የተጠራ ቀን ደግሞ የባሰ ነው። «በጨለማ የኖረው» ሳይባል፣ «ጭቁኑ» ሳይባል፣ አገው የሚለው ቃል ብቻውን ከዚያ ሳጥን ወጥቶ አያውቅም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን አንድ አፍ ሊሰጡን መፈለጋቸው ነበር። የአገው ብሔረሰብ ደገፈ፣ የአገው ብሔረሰብ ተደሰተ ይላሉ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ የማሳ ድንበር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲካሰሱ በሚኖሩበት አገር! በር ዘግተን የምንሰማው የጫካው ራዲዮም ከዚህ አይሻልም፤ እሱም የአገው ሕዝብ ከጎናችን ተሰልፏል ይል ነበር። እኔ በዚያ ዘመን የተሰለፍኩት ለስኳር ብቻ ነው።

ድርቁ በጠናበት ዓመት ከአዲስ አበባ አንድ ጋዜጠኛ ድምፅ መቅረጫውን አንግቶ መጣ። ሰውን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ወስዶ የማስፈር ዘመቻ ተጀምሮ ነበር፤ የጭነት መኪኖች መጥተው ሜዳው ላይ ቆመዋል፣ ፈቅዶ የሚሳፈር ግን ጠፍቷል። ጋዜጠኛው ከካድሬያችን ጋር ወደ ወላጆቼ መንደር ወጣና አባቴን ባዶ አውድማው ላይ አገኘው። አባቴ አማርኛ ይችላል፤ ለቁም ነገር ግን ሁልጊዜ የእናቱን ቋንቋ ይመርጣል። እሱ በኽምጣና ተናገረ፣ የአገራችን ተወላጅ የሆነው ካድሬ ለጋዜጠኛው አስተረጎመለት። እኔ በቦታው አልነበርኩም።

ከዚያ በኋላ በነበረው ገበያ፣ በረንዳው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ የአባቴ ድምፅ ከሐጂ ራዲዮ ወጣ። መርፌው ላይ የነበረው እጄ ቆመ። ሰውም «ያንተ አባት አይደለም እንዴ?» እያለ ፊቱ በራ። ወዲያው አንድ ለስላሳ አማርኛ መጣና ሸፈነው። «እኔም ሆንኩ መላው የአገው ብሔረሰብ፣ ለዘመናት ከኖርንበት ጨለማ ወጥተን በለሙ መሬት ለመስፈር በአንድ ድምፅ ፈቅደናል።»

አማርኛውን የተረዱት ዞረው አዩኝ። የመንደራችን ሰው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የአባቴ ባልንጀራ፣ መሬት ላይ ተፋ። ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። አባቴ በራሱ ብቻ ሳይሆን በእነሱም ስም ፈቅዷል፤ መኪኖቹ የሚጠብቁትን አግኝተዋል።

ነገር ግን እኔ የምቀመጠው ከራዲዮው አጠገብ ነው። አማርኛው አባቴን ሸፈነው እንጂ አላጠፋውም። ከሥር፣ ዝቅ ብሎ፣ መናገሩን ቀጥሎ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ዝግጅቱን ያሰናዱት ሰዎች ኽምጣና ለነሱ ቋንቋ ስላልመሰላቸው፣ እንደ ፍየል ደወል ለማሳመሪያ ከሥር ትተውት ነበር። ጆሮዬን ለጠፍኩና እያንዳንዷን ቃል ለቀምኳት።

ዜናው አለቀ፤ ተነሳሁ። ካድሬው የሥራውን ፍሬ ሊሰማ መጥቶ ከፊት ቆሟል። ፈራሁ፤ በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ወህኒ የወረደ ሰው አውቃለሁ። መጀመሪያ የአማርኛውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ፣ ደንቡ ደንብ ነውና። ቀጥዬ «ከአማርኛው ሥር ደግሞ አባቴ እንዲህ ይላል» አልኩ። «ዝናብ ጠፋ እንጂ መሬቴ አልጠፋም። እህል ካላችሁ እዚሁ ስጡኝ። እኔ አልሄድም። የጎረቤቴን ራሱን ጠይቁት፤ በሱ አፍ አልናገርም።»

«ተቀመጥ!» አለ ካድሬው።

«ሲጨርስ ይቀመጣል ጓድ» አሉ ሐጂ ከሚዛናቸው ቀና ሳይሉ። «የቤቱ ደንብ ነው።»

አልተቀመጥኩም። የአባቴን ቃል ደገምኩት፣ ኋላ ያሉት አልሰማንም ሲሉ እንደገና ደገምኩት። አጭሯ እግሬ ስትዝል የስፌት መኪናዬን ተደገፍኩ። ካድሬው ፊቱ ጠቁሮ «አንተ የፈጠርከው ነው! የመንግሥት ራዲዮ አይዋሽም። አባትህ ፈቅዷል፣ በመጀመሪያው መኪና ይሄዳል» ብሎ ወጣ። ከሰውም ያመነኝ ነበረ፤ ልጅ ለአባቱ መዋሸቱ አይቀርም ያለኝም ነበረ። የአባቴ ባልንጀራ ሳያናግረኝ ሄደ። እሱ ነው ያሳመመኝ።

ዝግጅቱ በሳምንቱ በድጋሚ ይተላለፍ ነበር። መኪኖቹ እንዲጭኑ የተወሰነውም በዚያው ቀን ሆነ። አባቴን ከነመንደሩ አምጥተው ሜዳው ላይ አቆሙት፤ ከሱቁ ፊት ለፊት ነው። ካድሬው ሰው ሁሉ እየሰማ «አባት፣ እርስዎ በራዲዮ ፈቅደዋል፤ ይሳፈሩና ለወገንዎ ምሳሌ ይሁኑ» አለው።

አባቴም በአማርኛ «እንግዲያው ስፈቅድ ልስማው» አለ።

እዚህ ላይ ካድሬው ተያዘ። የመንግሥት ራዲዮ አይሰማም ማለት ለሱ የሚቻል ነገር አልነበረም። ሐጂ ራዲዮውን አቅፈው አወጡና የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጡት፤ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

የአባቴ ድምፅ መጣ። ያ ለስላሳ አማርኛም መጥቶ ሸፈነው። ይኼኔ አባቴ በትሩን ተደግፎ ጎንበስ አለና፣ ከራዲዮው ጋር እኩል፣ ጮክ ብሎ በኽምጣና መናገር ጀመረ። ራዲዮው ውስጥ ያለው አባቴ ትንፋሽ ሲወስድ ይኼኛውም ይወስዳል። አባቴ አንድን ነገር ሁለት ዓይነት አድርጎ መናገር የማይችል ሰው ነበር፤ እናቴን በዚህ ጠባዩ ሲያስመርራት ኖሯል። ያን ቀን ግን አንዲት ቃል ሳይስት ራሱን ከአማርኛው ሥር ጎትቶ አወጣው። ሁለቱም «አልሄድም» አሉ፤ «በሱ አፍ አልናገርም» ብለውም አብረው ጨረሱ።

ባልንጀራው ከሰው መሀል ወጣ። «እኔም አልሄድም፤ ንቦቼን ለማን ትቼ» አለ። አንዲት እናት የታመመ ባሏን ምክንያት አድርጋ አቀረበች። አንዱ የሚሰጠውን መሬት አላምንም አለ፣ ሌላው ምክንያቱን ለናንተ አልናገርም አለ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ «እኔ እሄዳለሁ፤ ልጆቼ ተርበዋል፣ የማንም ብሔረሰብ አያበላቸውም» አለና ወደ መኪናው ሄደ። አባቴ ተከትሎት ጓዙን አነሳለት፣ ልጆቹንም አንድ በአንድ አሳፈረለት።

ካድሬው ግራ ገብቶት ወደኔ ዞረ። «እና ብሔረሰቡ ምን አለ ብዬ ሪፖርት ላድርግ?»

«ያየኸውን» አልኩት። ቆሜ ነበር።

መኪኖቹ ያን ቀን አንድ ቤተሰብ ብቻ ይዘው ሄዱ። ቆይተው ከሌላ መንደር በጉልበት ጭነዋል፤ ያንን ራዲዮው አልነገረንም። አባቴን ግን ዳግም የጠየቀው የለም፤ በዚያው መሬቱ ላይ አርሶ፣ በዚያው ተቀበረ።

ዛሬም ዜና አንባቢው ይህ ሕዝብ በአንድ ድምፅ እንዲህ አለ ሲል ከሰማሁ ጆሮዬ ወደ ሥር ይወርዳል። አገር ሙሉ በዚያ ዓመት አንድ የአገው ሽማግሌ ሲፈቅድ ሰምቻለሁ ይል ይሆናል። አባቴ «አልሄድም» ያለውን ግን ያስተላለፉት እነሱ ራሳቸው ናቸው፤ ያውም ሁለት ጊዜ።