ሦስት ወር ዘጠና ቀን አይደለም

አለቃዬ አቶ ደረጀ የሠራተኛ ፋይሌ ውስጥ «ማንበብ አይችልም፤ ሰነድ እንዳይነካ» ብሎ ጻፈ። ማንበብ እችል ነበር። በደሉ ይኸው ነው።

ሥራ የገባሁት እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ወንዙ ዳር፣ የጀልባ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ። ቢሮዋ በየዓመቱ በግል ባለ ሸራ ጀልባቸው ፓስፊክን የሚያቋርጡ ሰዎችን ታሰባስብና ከፓናማ ወደ ፖሊኔዥያ ደሴቶች በአንድ ላይ ትልካለች። ራሊ ይሉታል። ውድድር አይደለም፤ ተጠባብቆ መሄድ ነው። እኛ ባሕሩን አናይም። የምናየው ወረቀቱን ነው።

የመጀመሪያ ቀን የቢሮዋ ባለቤት ሊንዳ አነጋገረችኝ። ፊቷ በፀሐይ የተቃጠለ አሮጊት መርከበኛ ናት። ባሕር ታውቃለህ ወይ አለችኝ። አሰብ ወደብ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ አልኳት። «በቃ፣ ተቀጥረሃል» አለች። ከዚያ ቅጽ እንድሞላ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ ደረጀ ላከችኝ። የአገሬ ሰው መሆኑን ሳይ ደስ አለኝ። ሞኝ ነበርኩ።

ቅጹን ተቀብዬ ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። አቶ ደረጀ ሰዓቱን አየ።

«ወንድሜ፣ ዳዊት እንድትደግም አይደለም የሰጠሁህ። አምጣው፣ እኔ ልሙላልህ።»

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ፣ ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ። እንግሊዝኛውን በኋላ ጨመርኩበት። ዛሬም ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን መስመር አይዘልም።

የተሰጠኝ ሥራ ባንዲራ ነበር። ጀልባ አዲስ አገር ሲደርስ ቢጫ ባንዲራ ይሰቅላል፤ «ገና አልተመረመርኩም» ማለት ነው። ካፒቴኑ ብቻ ይወርድና ወረቀቱን ያስመረምራል። ማኅተም ሲመታለት ቢጫውን አውርዶ የደረሰበትን አገር ባንዲራ በቀኝ በኩል ይሰቅላል። ለእያንዳንዱ ጀልባ የሚያልፍባቸውን አገሮች ባንዲራ አጥፌ፣ በተራ አድርጌ፣ ሳጥን ውስጥ እከት ነበር።

ዓይኔ ግን ዶሴው ላይ ነበር። እያንዳንዱ ጀልባ አንድ ዶሴ አለው። የፓስፖርት ኮፒ፣ የጀልባዋ መታወቂያ፣ ከመጨረሻው ወደብ የተሰጠ የመውጫ ወረቀት፣ የተሳፋሪዎች ዝርዝር፣ የመጠጥ ዝርዝር፣ ውሻ ከተሳፈረ የውሻው ክትባት ሳይቀር። አንዱ ቢጎድል ሰውየው መሬቱን እያየ ቢጫ ባንዲራ ሥር ይቀመጣል። ዶሴ አዘጋጁ ሽፋኑ ላይ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። እኔ የፈለግሁት ያንን ነበር፤ ስሜን ጽፌ መፈረም።

በሁለተኛው ዓመት ሊንዳ የድሮ ፋይሎችን ወደ አዲስ መሳቢያ አዛውር አለችኝ። ሳዛውር የራሴን አገኘሁ። ከፈትኩት። «ማንበብ አይችልም» የሚለውን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ይዤው ሄድኩ።

«አቶ ደረጀ፣ ይህን እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«ማን አነበበልህ?»

«ራሴ።»

ትንሽ ደነገጠ። «እንግዲህ ያኔ ነው። ለጥንቃቄ ያህል ነው አየለ፣ ክፉ አታስብ» አለና ፋይሉን መልሶ ቆለፈበት። አልሰረዘውም። ከእኔ በኋላ የመጡ ሁለት ሰዎች ዶሴ አዘጋጅ ሆኑ። እኔ ባንዲራ አጠፍኩ።

በአራተኛው ዓመት ከተመዘገቡት መካከል ሲስተር ሶስና ነበሩ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የአስፐን ሂል ነዋሪ። ባላቸው ፍራንክ ጀልባዋን በገዛ እጁ ያደሰ አናጢ ነው። ባንዲራቸውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ ባሕር አይፈሩም ወይ አልኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ ነድቼ? ባሕር ላይ እኮ ጡሩምባ የሚነፋብኝ የለም!»

እንደ እሳቸው የሚስቅ ደንበኛ ቢሮዋ አይታ አታውቅም።

ማርች 20 ቀን ቢሮው ሠርግ ቤት ሆነ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጀልባዎች ከወር በላይ ውሃ ብቻ አይተው ሂቫ ኦዋ ደሴት ገቡ። ካርታው ላይ እያንዳንዷ ጀልባ ነጥብ ናት፤ አምስቱ ነጥቦች ወደቡ ውስጥ ሲሰበሰቡ ሊንዳ ወንበር ላይ ወጥታ ጮኸች። ሲስተር ሶስና በሳተላይት ቪዲዮ ኮል አደረጉኝና ፓስፖርታቸውን ካሜራው ላይ ለጠፉት። «አየህ ማኅተሙን? ቀለሙ አልደረቀም!» አሉና እልልታቸውን አቀለጡት። ልቤ ሊወጣ ደረሰ። አሰብ አሥር ዓመት መርከብ ሳወርድ ማንም ስለ ደረሰ እልል ሲል አልሰማሁም።

ግድግዳው ላይ ሁለት ሰዓት ተሰቅሏል፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የደሴቶቹ አስተዳደር መቀመጫ የታሂቲ። ሁለተኛውን አይቼው አላውቅም። በዚያ ወቅት ታሂቲ ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በሀበሻ አቆጣጠር የእኛን ሰዓት ከነገርከኝ የእነሱ ሰዓት በፈረንጅ እሱው ነው። ሊንዳ ይህን ስነግራት ወረቀት አውጥታ አረጋገጠች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ስንት ሰዓት ነው ታሂቲ?» ብላ የምትጠይቀው እኔን ሆነ።

አሁን ነገሩ መጣ። አሜሪካዊ ያለ ቪዛ እነዚያ ደሴቶች ላይ መቆየት የሚችለው ዘጠና ቀን ነው። የገባበት ቀን እንደ አንድ ይቆጠራል። ዘጠና አንደኛው ቀን ላይ ከተገኘ ሕግ ጥሷል፤ የራሊውም ስም አብሮ ይበላሻል፣ በሚቀጥለው ዓመት ዶሴያችንን በእምነት የሚቀበል አይኖርም። አቶ ደረጀ ባወጣው ፕሮግራም ሁሉም ጀልባዎች ቦራ ቦራ በምትባለው ደሴት ተሰብስበው፣ ተሰነባብተው፣ ጁን 20 ይወጣሉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የሀበሻ ሱቅ በነፃ የሰጡኝ ካላንደር አለኝ፤ የሁለቱም አገር ቀን የተጻፈበት። አምስቱ ጀልባዎች ከገቡበት ጀምሮ በየቀኑ በእርሳስ ቁጥር እጽፍበት ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ደስ ብሎኝ ነው። ጁን 6 ቀን ሰባ ዘጠኝ ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ፊት ቆጠርኩ። ዘጠና ጁን 17 ላይ ሞላ። ጁን 20 ዘጠና ሦስት ሆነ። እንደገና ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ካላንደሩን ይዤ ገባሁ።

«አቶ ደረጀ፣ አምስቱ ጀልባዎች ቀን ያልፍባቸዋል።»

ቀና አላለም። «ወር ስንት ቀን ነው?»

«ሠላሳ።»

«ሦስት ወርስ?»

«ዘጠና።»

«ማርች ሃያ፣ ጁን ሃያ። ሦስት ወር። ሂድ ባንዲራህን እጠፍ።»

ወጣሁ። አፌ ከዳኝ። ወር ሠላሳ ቀን ነው ብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጥያቄውን ሲጠይቀኝ መልሱ ቀድሞኝ ወጣ። ካላንደሩ ግን እጄ ላይ ነበር፣ እሱ አይዋሽም። ማርችም ሜይም ሠላሳ አንድ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ሰውዬ በፈረንጅ ካላንደር ላይ የሀበሻ ወር ቆጥሯል!

እኩለ ቀን ላይ ሲስተር ሶስና ደወሉ። ፋካራቫ የምትባል ደሴት ናቸው፤ ከአምስቱ ሁሉ ሩቅ። ቀጥለው ለሚሄዱባቸው ለኩክ ደሴቶች የሚሰቀለውን ባንዲራ አጥተውት ነበር። ሁለተኛው ሳጥን ሥር ነው አልኳቸውና ነገሩን ነገርኳቸው። ድምፅ አውጥተው ሲቆጥሩ ይሰማኛል።

«ዘጠና ሦስት» አሉ። «ይኸማ መድኃኒት ቢሆን በሽተኛው ሞቶ ነበር! ለሊንዳ ነገርካት?»

«ሲስተር፣ እኔ ሰነድ እንዳልነካ ተጽፎብኛል።»

«ታዲያ አትንካ፣ ተናገር! አፍህን ማን ከለከለው?»

ሄጄ ተናገርኩ። ሊንዳ ካላንደሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጣቷ ቆጠረች። አቶ ደረጀን ጠራችው። ሦስት ወር ነው አላት። ሕጉ የቱ ጋ ነው ወር የሚለው አለችው። ካላንደሩ ላይ አጎነበሰ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሜይ ላይ ሲደርስ ቆመ።

መሮጥ ሆነ። የመውጫ ቅጹ ጀልባው ከመነሳቱ ቀናት ቀድሞ ታሂቲ መድረስ አለበት፤ ማኅተሙ የሚመታው ቦራ ቦራ ነው። ሊንዳ ሥራ ስታከፋፍል፣ ደረጀ ቅጹን ይሙላ፣ አየለ ይፈትሽ አለች። እኔ ሰው የማባብል ሰው አይደለሁም።

«ፋይሌ ላይ ማንበብ አይችልም ተብሎ ተጽፏል» አልኳት።

ማን ጻፈው አለች። አቶ ደረጀ ጫማውን አየ። ሊንዳ፣ መጀመሪያ ጀልባዎቹ ይውጡ አለች። እምቢ ማለት እችል ነበር። ጀልባዎቹ ግን ምን አጠፉ?

አምስቱንም ቅጽ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያደረግሁ ፈተሽኩ። የፍራንክ ፓስፖርት ቁጥር ላይ ሁለት አኃዝ ቦታ ተለዋውጦ አገኘሁ። «አቶ ደረጀ፣ ይህችን ያስተካክሏት» አልኩት። አስተካከላት።

አራቱ ጀልባዎች ቅርብ ስለነበሩ ቶሎ ደረሱ። የሲስተር ሶስና ነጥብ ግን ካርታው ላይ ትጎተታለች። አንድ ቀን ሙሉ ነፋስ ጠፋና ጭራሽ ቆመች። ቢሮ ስደርስ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ነጥቧን አይ ነበር፤ ባቡር ላይም በስልኬ። ኋላ ሞተር አስነስተው መጡ።

ሰኞ ጁን 17፣ ዘጠናኛው ቀን። በእኛ በሀበሻ፣ በእነሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ላይ ቦራ ቦራ ያለው ቢሮ ተከፈተ። ሩብ ጉዳይ ለዘጠኝ ሲሆን ስልኬ ጮኸ።

«ተመታ!» አሉ ሲስተር ሶስና። «አየለ፣ ተመታ! ፍራንክ መልሕቁን እየሳበ ነው!»

ሊንዳ አቀፈችኝ። ጮኽኩ። ምን ብዬ እንደ ጮኽኩ አላውቅም፤ ከሥር ያለው የሱቁ ሰውዬ ሮጦ ወጣ። አቶ ደረጀም አጨበጨበ። ውሸት አልጽፍም፣ አጨበጨበ።

ሊንዳ ያን አረፍተ ነገር ሰርዝ አለችው። ዛሬ ነገ እያለ አንድ ወር አለፈ። በመጨረሻ ፋይሉን ጠረጴዛዬ ላይ አምጥቶ እስክሪብቶ ዘረጋልኝ።

«እንካ፣ አንተው ሰርዘው።»

«እኔ አልጻፍኩትም። የጻፈው ይሰርዘው።»

ቆሞ ሰረዘው። ከሥሩ «ያነባል። ዶሴ ያዘጋጃል» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ይቅርታ አላለም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ ሕጉ ቀን ካለ ቀኑን በካላንደር ላይ አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ ወር አትበሉ። የቆጠረውንም ሰው ሳትሰሙ አታባርሩ።

አረፍተ ነገሩ የተሰረዘው ዓርብ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።