የቦቢ ጣሳ

ይሄን ለሟቹ ባሌ አልነገርኩም፣ ለእናትሽም አልነገርኩም። ሶላቴ ላይ አላህን ስለምን እንኳ ዘልዬው ነው የማልፈው፤ እሱ የማያውቅ ይመስል! ጻፊ ሀያት፣ እንዳታሳምሪው። «ልጅነት ነው» ብለሽ እንዳትጨምሪብኝ። ልጅ አልነበርኩም፣ ጡት ያስጣልኩ እናት ነበርኩ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ይሄ የተቀመጥንበት ሰመራ ያኔ ድንጋይና ነፋስ ነው። ሰው ያለው ከሎጊያ ወዲያ፣ አዋሽ ዳር፣ ጥጥ እርሻው ጋ ነው። ከወሎ የወረድን ሴቶች ጥጥ እንለቅማለን። እኔ ግን ቀናኝና የማናጀሩ የፈረንጁ ቤት ገባሁ፣ ጠራጊና አጣቢ ሆኜ። ሚስቱን መዳም ነው የምንላት። ልጅ የላትም፤ ቦቢ የሚባል ቀይ ውሻ አላት።

ሙቀቱ ሲጠናባት ከባሏ ጋር አዲስ አበባ ልትወጣ ሆነ፣ ውሻውን እኔ ላይ ጥላ። ስትሄድ አስጠናችኝ። ጠዋት ጠዋት ሥጋውን ቆራርጬ ጣሳ ስር፣ ጆንያ ስር፣ ግራሩ ስር ልደብቅለት፤ እሱ እያሸተተ ይፈልግ። ፀሐይ ስትበርድ እስከ ቦዩ ላንሸራሽረው። «ቦቢ ጭንቅላት ሥራ ይፈልጋል» አለችኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ሥራ የለም፣ ቦቢ ይታመማል።»

በሆዴ ሳቅሁባት። ሄጄ ለለቃሚዎቹ ነገርኳቸው።

«ሥራ መፍታት ጨነቀው? ይምጣና ጆንያ ይሸከምልን!» አለች አንዷ።

«ትምህርት ቤት አስገቢው እንጂ፣ ዳኛ ይወጣዋል!» አለች ሌላዋ።

አብሬ ሳቅሁ። የኛ ሰው በፀሐይ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ምን ይፈልጋል ብሎ የጠየቀ የለም። እውነት ነው፣ የለም። ግን ይሄ የቦቢ ጥፋት ነው? ጥጡን የዘራው ቦቢ ነው?

መዳም መኪና ላይ እንደወጣች ከዕቃ ቤቱ ጀርባ በአጭር ገመድ አሰርኩት። ዳግመኛ አልፈታሁትም። ነጃሳ ነው፣ ምራቁ ከነካኝ መታጠቡ ለኔ ነው፣ አልኩ። ውሸቴን ነው! ሥጋ ለመደበቅ ውሻ መንካት ያስፈልጋል? ሥጋውን የት አደረስኩት? በላሁት። ከአፋሮቹ የተገዛ ፍየል፣ የእስላም ሥጋ ነው፤ ጠብሼ በሚጥሚጣ በላሁት። ለሱ አጥንትና ፍርፋሪ ወረወርኩለት። ዲኔን የስንፍናዬ መጋረጃ ያደረግሁ እኔ ነኝ።

መዳም ሥጋ የምትደብቅበት አንዲት የቲማቲም ጣሳ አለች። ቦቢ እኔ ሳልፍ ጣሳዋን በአፉ አንስቶ እግሬ ስር ያስቀምጥና ያየኛል። ደብቂልኝ ማለቱ ነው። በእግሬ ጠለዝኳት። ጨዋታ መስሎት ጅራቱን እየቆላ ሮጠ፣ ገመዱ አንቆ ጣለው። ሳቅሁ። እኔ ሳቅሁ።

እየቆየ ጅራቱን ተከትሎ ይዞር ጀመር። ባዶ ግድግዳ ላይ ይጮሃል። ኋላ የፊት እግሩን ማኘክ ያዘ፣ ጸጉሩ አልቆ ሥጋው እስኪወጣ። አላየሁም እንዳልል በየቀኑ አያለሁ። መፍታት አቅቶኝ ነው? አንድ ቋጠሮ ነው!

መዳም ነገ ትገባለች ሲባል ገና ደነገጥኩ። ለሱ አይደለም፣ ለእንጀራዬ። ያን እግር ካየች ታባርረኛለች። ዘበኛው ጋ ሮጥኩ፣ ጋሽ ታደሰ ጋ። ደግ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። «ጋሽ ታደሰ፣ ውሻው አብዷል! ራሱን እየበላ ነው፣ ለሃጩ ይዝረበረባል!» አልኩት። በዚያ ሙቀት ለሃጩ የማይዝረበረብ ውሻ የት አለ? ግን አንዴ አበደ ከተባለ አለቀለት፤ ሐኪም የለ፣ ጠያቂ የለ።

ጋሽ ታደሰ ጠመንጃውን ይዞ መጣ። ቦቢ ሰው ሲያይ ተነሳ። እያነከሰ ጣሳዋን ፈለጋት፣ አነሳት፣ ገመዱ እስከፈቀደለት መጥቶ ሽማግሌው ፊት አስቀመጣት። ጠመንጃው ዝቅ አለ።

«አንቺ ዘሀራ፣ ያበደ ውሻ ዕቃ ያቀብላል እንዴ?» አለኝ።

አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው። እኔ ምን አልኩ?

«ቅድም ልጄን ሊነክስብኝ ነበር! ልጄን እስኪጨርስልህ ነው የምትጠብቀው?»

ልጄ፣ እናትሽ፣ ሎጊያ አክስቷ ጋ ነበረች።

ተኮሰ።

መዳም መጥታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ አቤት አለቃቀሴ! አቅፋ አጽናናችኝ፣ «ዘሀራ ቦቢ ይወዳል» እያለች። ይቺ ቂል፣ አልኩ በሆዴ። ቂሏ ማን ነበረች? ጋሽ ታደሰ ልጄ ሎጊያ እንደነበረች ኋላ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ሰላም ስለው መሬት መሬት ያያል።

አሁን እናንተ «አረፍ በይ እማዬ» ብላችሁ ምስር መልቀም እንኳ ከልክላችሁኝ ግድግዳ አያለሁ። ባለፈው የእጄን ቆዳ በጥፍሬ ስልጥ አይተሽ «ምን ሆነሻል?» አልሽኝ። ይኸው የሆንኩት። ግን የእጇን አገኘች ብለሽ እንዳትጽፊ። አላገኘሁም። አንገቴ ላይ ገመድ የለም፣ በሩ ክፍት ነው፣ ብጮህ የምትሰሚኝ አንቺ አለሽ።

አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልልም። እናንተ አፉ ማለት ምን ገዳችሁ፣ የታሰራችሁት እናንተ አይደላችሁ። የታሰረው ባለሐቁ አኼራ ላይ ይጠብቀኛል፣ በምን ዓይኔ እንደማየው እንጃ። ያን ቀን ለጋሽ ታደሰ ልነግረው የሚገባኝን ግን ጻፊልኝ፣ ከፈለግሽ ይሄን ብቻ ጻፊ።

ቦቢ አላበደም ነበር።