የሸክላ ሠሪዎች ጣሳ

«በዚያ ጣሳ ጠጣህ ወይስ አልጠጣህም?»

«ጠጣሁ።»

«ከእጇ ተቀብለህ?»

«ከእጃቸው።»

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወሬው ደጅ ላይ ደርሷቸው ነው ተመልሰው የገቡት። እሑድ ነው፤ የነቀምቴ ምእመን ተበትኗል። ውሃ ያጠጡኝ ሸክላ ሠሪ ብቻ ገንቦአቸውን ታቅፈው በሩ ሥር ቀርተዋል። አማርኛ ብዙም አይሰሙም፤ ሽማግሌውም ለዚሁ ብለው በአማርኛ ይቆጡኛል።

እኔ ፊደል ከየወረቀቱ የለቃቀምኩ፣ ትምህርት ቤት ያልገባሁ ሰው ነኝ። ሰው ዝም ብሎ የሚያዳምጠኝ በዚህ ክፍል ወንጌል ሳስተምር ብቻ ነበር። የዕለቱ ምንባብ ጌታ ሳምራዊቷን ሴት ውሃ የለመነበት ነው። ስለ ሕይወት ውሃ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። ግን ግድግዳው ላይ ሁለት መጠጫ ተሰቅሏል፤ አንዱ ኩባያ የእኛ፣ በሩ አጠገብ ያለው የዛገ ጣሳ የሸክላ ሠሪዎች። እሱን እያየሁ ማንበብ አቃተኝ። ጣሳውን አንስቼ በሩ ሥር ወደተቀመጡት ሸክላ ሠሪ ሄድኩና በኦሮምኛ «አዴ፣ እናቴ፣ ውሃ ያጠጡኝ» አልኳቸው።

«እናትህ ብትሰማ ቤት ታስገባሃለች?» አሉኝ፤ ግን ቀዱልኝ።

ሽማግሌው ድምፃቸውን አለሰለሱ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሕዝቡ ገና ለጋ ነው፤ ይሸሸናል። ቀስ በቀስ ይሁን።»

«ጌታ ቀስ በቀስ አላለም። ጠማው፣ ጠየቀ።»

«ከእነሱ እጅ የሚጠጣ የለም!»

«እርስዎ ቤት ወጥ የሚሠራው በማን ድስት ነው?»

«ድስቱ እሳት አይቷል» አሉ ሳያፍሩ። «እጇ ግን አላየም።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ተናደድኩ። አሮጌ ልብስ እንሰጣቸዋለን፣ እንጸልይላቸዋለን፤ መስጠት ያኮራናል። ጌታ ግን ከመስጠቱ በፊት ለመነ። ከተናቀ ሰው እጅ መቀበል የሚጠየፍ እምነት፣ ስጦታውም ንቀት ነው። ይህን የነገረኝ ሰባኪ የለም፤ ጣሳው ነው ያስነበበኝ።

«የሚመጣው እሑድ በሕዝቡ ፊት ቆመህ ‹አጠፋሁ› ትላለህ» አሉ። «አለዚያ ማስተማርህ ዛሬ አበቃ።»

ከዚህ ክፍል ውጭ ማንም እኔን አይሰማም። ቢሆንም ጣሳውን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ።

«አዴ፣ ይድገሙልኝ።»

ሴትዮዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሽማግሌውን አይተው፣ እስኪፈስ ድረስ ሞሉልኝ። አንጠፍጥፌ ጠጣሁ።

ሽማግሌው ወንጌሉን ከጠረጴዛው ላይ አነሱና በብብታቸው ያዙ። ገንቦውን እንዳይነካ የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት።