ሁለት ልብ የሆነው ማሽን

ይህን ለንስሐ አባቴም ለሚስቴም ተናግሬው አላውቅም። አሁን የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ ሳይሆን ማቆየቱ ስላቃተኝ ነው። እትዬ አሰለፈችን በድያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ፣ እሳቸው አጠፋሁ ብለው እንዲኖሩ አድርጌያለሁ።

በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ኮልፌ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ወጣት ነበርኩ፤ ጠመኔዬን እንኳ በርዝመቱ ደርድሬ የማስቀምጥ፣ ያልጠየቀኝን ሰው አስቁሜ የማስረዳ። እትዬ አሰለፈች የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነበሩ። የፈተናው ወረቀት ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። የጽሕፈት መኪናቸው ቁልፍ ከባድ ስለነበር ጣቶቻቸው ያብጡ ነበር። "ከእኔ ቀድመው ጣቶቼ ጡረታ ሊወጡ ነው" ይላሉ እየሳቁ።

አንድ ቀን ከውጭ አገር በእርዳታ የኮምፒውተር ዕቃ መጣልን፤ ተገጣጥሞ ሳይሆን ተበታትኖ። ዳይሬክተሩ እንድገጥመው ለእኔ ሰጡኝ። ሲያልቅ እትዬ አሰለፈች እንዲጽፉበት ተወሰነ። እሳቸውም የኮምፒውተሩን ቁልፎች በአንድ ጣት ነካ ነካ አደረጉና፣

"ውይ! ይሄማ ቅቤ ነው" አሉ። "ግን መምህርዬ፣ ከድሮው ሳልፋታ ሌላ ላገባ ነው?"

ከዕቃው የጎደለው ሚሞሪው ነበር። ሚሞሪ ማለት ማሽኑ የሚጻፍበትን ሁሉ ለጊዜው ይዞ የሚያቆይበት ክፍል ነው። እንዲገባቸው ብዬ "ልብ" አልኩት፤ እኛስ ያልረሳነውን ነገር በልቤ ይዤዋለሁ እንል የለ?

"በል እንግዲህ የሚስማማውን ልብ ፈልግለት" አሉኝ።

አየር ጤና አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ከአሮጌ ማሽን የተነቀለ ሚሞሪ አገኘሁ፦ ግራና ቀኝ እግር ያላቸው፣ ጥንዚዛ የመሰሉ ጥቁር ቁርጥራጮች። ሁለት ረድፍ ያስፈልገኛል፤ የአማርኛው መጻፊያ በአንዱ ብቻ አይሠራምና። ለአንዱ ረድፍ የሚሆነው በትክክል የሚገጥም ነበር። ለሁለተኛው የተገኘው ግን ፍጥነቱ ከመጀመሪያው ያነሰ ዓይነት ነው። ተመሳሳዩን ከፈለግሁ ሌላ ማሽን እስኪፈታ እንድታገሥ ሰውየው ነገረኝ።

እዚህ ላይ ላስረዳ፤ ማስረዳት አመሌ ነው። ማሽኑ ሁለቱንም ረድፎች እኩል ይጠይቃል፦ ያስያዝኩህ ምን ነበር? ፈጣኑ ወዲያው ይመልሳል። ዘገምተኛው ቀዝቀዝ ሲል ይደርስበታል፤ ሲሞቅ ግን ይንተባተባል። ያኔ ማሽኑ የሰማውን ማመን አቅቶት ድርቅ ብሎ ይቀራል። ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያም ዓይነታቸውንና ፍጥነታቸውን አትቀላቅል ይላል። አንብቤዋለሁ። አላወቅሁም ልል አልችልም።

ታዲያ ለምን ቀላቀልኩ? የወላጆች ቀን ደርሶ ነበር፤ በመምህራን ፊትም ይደርሳል ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ለዚህ ብቻ። ገጠምኩት፤ ተነሣ። ሲሞቅ ደረቀ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ዳግመኛም ደረቀ። ብቻዬን ስለነበርኩ ለማንም አልተናገርኩም። በዚያው ሰሞን እትዬ አሰለፈች በእነዚያ ባበጡ ጣቶቻቸው ለማሽኑ ነጭ የዳንቴል ልብስ እየሠሩለት ነበር።

በወላጆች ቀን የታጠበ ነጠላቸውን ለብሰው ከማሽኑ ፊት ተቀመጡ። "እንኳን ደህና መጣችሁ" ብለው ሊጽፉ ጀመሩ። "እንኳን ደህ" ላይ ሲደርሱ ማሽኑ ደረቀ።

"ምን ነኩ?" አሉ ዳይሬክተሩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

እውነቱን አውቅ ነበር። አፌ ውስጥ ነበር። እኔ ግን "የማይነካ ቁልፍ ነክተው ይሆናል" አልኩ።

"የእትዬ እጅ የለመደው መዶሻ ነዋ!" አለ የስፖርት መምህሩ፤ ሰው ሳቀ። እሳቸው ጣቶቻቸውን አዩዋቸው። ከዚያ ቀስ አድርገው ነጠላቸው ውስጥ ከተቷቸው።

ከዚህ የባሰውን ልንገራችሁ። ተመሳሳዩ ሚሞሪ ከተገኘ በኋላ ማንም ሳያየኝ ቀየርኩት። ማሽኑ ከዚያ ወዲያ አልደረቀም። የስፖርት መምህሩም "አያችሁ፣ እትዬ ከራቁለት ወዲህ ተሻለው!" አለ። የእኔ ጥገና የእሳቸው ጥፋት ማስረጃ ሆነ። እኔስ ምን አደረግሁ? አብሬ ሳቅሁ።

"ይምጡና ይሞክሩት" ብያቸው ነበር፤ እውነቱን ሳልነግር።

"ተወኝ ልጄ፣ ከዳነ ወዲያ ደግሞ ልግደለው?" አሉኝ።

ወደ ከባዱ መኪናቸው ተመለሱ። ጠዋት ጠዋት ግን ዳንቴሉን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥተው፣ አጥፈው፣ በእሳቸው ምትክ ኮምፒውተሩ ላይ ለተመደበችው ጸሐፊ ያዘጋጁላት ነበር፤ ቁልፎቹን ሳይነኩ። ጣቶቻቸው እየባሰባቸው ሄደ። በመጨረሻ ብርጭቆ መጨበጥ ሲያቅታቸው ጡረታቸው ሳይደርስ ሥራውን ለቀቁ፤ ጎጃም ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው።

የሚሄዱ ዕለት ክፍሌ ድረስ መጡ። ተማሪዎቹ ወጥተው ነበር።

"መምህርዬ፣ ሰው አስቀይሜ መሄድ አልወድም። ያን የደከምክበትን ዕቃ ያበላሸሁብህን ይቅር በለኝ።"

በአገራችን ይቅርታ ሲጠየቅ የሚመለሰውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። የእኔም አፍ ቀደመኝ።

"ይቅር ለእግዜር" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ጉንጬን ሳሙኝ፤ "ተባረክ፣ አሁን ቀለለኝ" ብለው ሄዱ። እኔ የበደልኳቸው ሴት ይቅርታ ጠየቁኝ፤ እኔም የራሴን ጥፋት ለእሳቸው ይቅር አልኩ።

አማርኛችን የሚያመነታን ሰው "ሁለት ልብ ሆነ" ይለዋል። እኔም ያኔ ሁለት ልብ ነበርኩ፤ አንዱ ያውቃል፣ ሌላው ይፈራል። ማሽኑ እንኳ ልቡ ሁለት ሲሆንበት ቆሟል። እኔ አልቆምኩም፤ ማስተማሬን ቀጠልኩ።

እትዬ አሰለፈች ዛሬ በሕይወት የሉም። ወጣትነቴን ሰበብ አላደርግም፤ ትክክለኛውን የሚያነብና የሚያስረዳ ወጣት ነበርኩና። ይህን አንብባችሁ ልባችሁ ቢራራልኝ እንኳ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ይቅር ለእግዜር አትበሉኝ። ያ ቃል የእሳቸው ነበር፤ እኔ ነኝ የቀማኋቸው።