ሁለተኛው ሳጥን

አጎቴ ቡሬ አጠገብ ያለ የገጠር ደብር ቄስ ናቸው። ከአገር ርቀው የሚኖሩ ምእመናን፣ በጸሎት እንዲታሰቡላቸው የሟቾቻቸውን የክርስትና ስም የሚልኩበት ድረ ገጽ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ፍኖተ ሰላም ቤታችን ተቀምጬ ሠራሁት፤ አንድ የስም ሳጥን፣ ከሥሩ «ሌላ ስም ጨምር» የሚል ቁልፍ። ቁልፉን ሲጫኑት አዲስ ሳጥን ይመጣል። ኮራሁበት።

መጀመሪያ የሞከረችው እናቴ ነበረች። እንደ አጎቴ ቄስ የነበረውን የሟቹን አባቴን ስም ጻፈች፤ ሳጥን ጨምራ የእህቴን ጻፈች፤ «ላክ» የሚለውን ተጫነች። ገጹ ተመልሶ ሲመጣ አባቴ ብቻ ነበር። እህቴ ከነሳጥኗ የለችም። ደገመችው፤ ያው ሆነ።

እናቴ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች። «አልተቀበሏትም» አለች።

ነገሩ የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው። እህቴ ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ ታማ፣ በጥድፊያ ተጠምቃ የሞተች ሕፃን ናት። ክርስትናዋ ደርሶላት ይሆን ወይ የሚለው ሐሳብ እናቴን ዕድሜዋን ሙሉ ሲበላት ኖሯል። የኮዱ ጥፋት ነው እንዳልላት፣ ጥፋቱ የቱ ጋ እንዳለ እኔም አላውቅም። ሳጥኑ ሲመጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ታዲያ የት ገባ? ኮዱን አነበብኩት፣ መልሼ አነበብኩት። ግራ ገባኝ፣ ተናደድኩም።

«እማዬ፣ እስኪ እሷን አስቀድሚና አባባን ከታች አድርጊ» አልኳት፣ ሌላ የምለው ባጣ።

ጻፈች፤ ላከች። እህቴ ቆየች፣ አባቴ ጠፋ።

እናቴ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችው። «እሳቸውማ ሲቀድሱ የኖሩ ሰው ናቸው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ብዙ ከዳከርኩ በኋላ ነው። ሰርቨሩ «ላክ» በተባለ ቁጥር ገጹን ከባዶ ይሠራል፤ እኔ በኋላ የጨመርኩትን ሳጥን አያስታውስም። የተላከው ስም ማረፊያ ሲያጣ ይጠፋል። ስሞቹ ሳጥናቸው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ያንኑ ሳጥን፣ በዚያው መለያ ስም፣ በየጊዜው እንደ አዲስ መሥራት ነበረብኝ። ከአፍታ በፊት የነበረውን ለምን እንደሚረሳ ዛሬም በደንብ አይዋጥልኝም። ብቻ አሁን ሁለቱም ይቆያሉ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ አስረድቻታለሁ፤ «ገብቶኛል» ትላለች። ሆኖም ስም በምትልክበት ጊዜ ሁሉ፣ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ የምትጽፈው እህቴን ነው።