ጉድጓዱ ከእርቁ ቀደመ

ከጋይንቷ ወገዳ የወጣሁት በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከነጋዴ ጋር ተቀላቅዬ ነው። እናቴ አጠገቤ በገብስ ዋጋ ትከራከር ነበር፤ ዞራ አላየችኝም። ብታየኝ ኖሮ ታለቅስና ሰው ይነቃብን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጃንሆይ ዘመን ፈረንጆች ውኃ እናወጣላችኋለን ብለው መጡ። እኔ ፊደል ስለቆጠርኩ የሜትር ገመድ ያዥ አደረጉኝ። የመረጡት ቦታ እኛና ጎረቤታችን አቶ ጓዴ ስንት ዘመን የተካሰስንበት ድንበር ነው። የነፍስ አባታችን መምሬ ተገኘ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ንገራቸው። መጀመሪያ ሽማግሌ ይቀመጥ፤ ቁፋሮው ይደርሳል» አሉኝ። ለአስተርጓሚው ነገርኩት።

«እኛ የመጣነው ለልማት ነው፤ እርቅ እቅዳችን ውስጥ የለም» አለኝ።

እነ አቶ ጓዴ ገመዱን ሲያዩ መሬታችንን ሊወስድብን ነው አሉ። የገዛ ዘመዶቼም «ለማን ነው የምትለካው?» እያሉ ይጠረጥሩኝ ጀመር። ውኃው በወጣ በሦስተኛው ቀን እዚያው ድንበር ላይ ጠብ ተነሣና አጎቴ የአቶ ጓዴን ልጅ በጥይት ገደለ። አጎቴ ጫካ ገባ፤ ደም መላሾቹ የሚፈልጉት እኔን ሆነ። ፈረንጆቹ በማግስቱ መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። እነሱማ ምን አለባቸው፣ ውኃው ወጥቷል።

በመተማ አድርጌ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባሁ። ስደተኛ የሚመዘግበው ፖሊስ፣ «ለምን ተሰደድክ?» አለኝ።

«በውኃ ምክንያት።»

«ድርቅ ነው?»

«አይ፣ ውኃ ወጥቶ ነው።»

ትኩር ብሎ አየኝና «ድርቅ» ብሎ ጻፈ።

አሁን በሰሊጥ እርሻ እሠራለሁ። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ከመሳሳቱ የተነሣ ወረቀት የበላሁ ይመስለኛል። ሙቀቱማ አይወራ፤ ያንን የጋይንት ውርጭ ስንቴ ተመኘሁት! የአገሬን ሰው ሳገኝ ደስ እያለኝ እሸሻለሁ። ከየት ነህ ሲሉኝ ጎጃም እላለሁ።

ሰሞኑን ከእኛው አካባቢ፣ ከእስቴ የመጡ አንድ ነጋዴ፣ ያለሁበትን በምስጢር ካስታወቅኋቸው ከመምሬ ተገኘ ደብዳቤ አመጡልኝ። አጎቴ እጁን ሰጥቷል፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ደሙ ደርቋል፤ ፈረንጆቹም ተመልሰው፣ አሁን ግን ሁለታችንንም ወገን ጠይቀው፣ ተበላሽቶ የነበረውን ጉድጓድ አብጅተውታል፣ ና ይላል። ጽሕፈቱ የእሳቸው ነው። ግን አስገድደው ቢያጽፏቸውስ? ታርቀናል ተብሎ ተጠርቶ በመንገድ የቀረ ስንቱ ነው!

ነጋዴውን፣ «በዓይንዎ ያዩት አለ?» አልኳቸው።

«እናትህና የአቶ ጓዴ ሚስት ከጉድጓዱ ሲቀዱ አይቻለሁ።»

«ይነጋገራሉ?»

«አይነጋገሩም። ግን አንዷ ሌላዋን እንስራ ታሸክማታለች።»

ሊያታልሉኝ ቢፈልጉ፣ ሲሳሳቁ አየኋቸው ይሉኝ ነበር።

ነጋዴው ሐሙስ ይመለሳሉ። አብሬዎት እሄዳለሁም፣ እቀራለሁም አላልኳቸው።